ምስክሯ የት ሄደች?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በደረሰኝ ነው። የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ «ቀኑ አልተጻፈም፣ ፊርማው ጎድሏል» እያልኩ የማስቸግራችሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ፖሊስና ስለ ፍርድ ቤት ልናገር ስነሳ «ይቺ ደግሞ ምን አገባት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት የሂሳብ አያያዝ ነው። ነገር ግን በሂሳብ ሥራ የማውቀው አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ በእርግጥ ወጥቶ፣ ዕቃው በእርግጥ ተገዝቶ ደረሰኙ ከጠፋ ወጪው መዝገብ ላይ አይቆምም። ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ቢሆን እንኳ ኦዲተሩ ይጥለዋል። ምስክር የጠፋበት ወንጀልም እንደዚሁ ነው። በደሉ ተፈጽሟል፣ ሰፈሩም ያውቃል፤ ነገር ግን ችሎት ፊት ቆሞ «አይቻለሁ» የሚል ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል።

ዛሬ የማነሳው እንዲህ ጠፍተው ስለሚቀሩ ምስክሮች፣ በተለይም ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጃገረዶች ነው። እነሱን ለማግኘት ስለምትለፋ ሴት መርማሪም እናገራለሁ። በመጨረሻ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አለኝ።

ልጅ ለምን ትሸሻለች?

በከተማችን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን ልጆች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከከላላ፣ ከወግዲ፣ ከሳይንት፣ ከተንታ፣ ከወረኢሉ ይመጣሉ። ደሴም ይገባሉ፣ ኮምቦልቻም ይወርዳሉ። የግቢው በር ሲዘጋ ውስጥ የምትቀረው ሠራተኛዋ ናት። እንግዳ የማያየውን ታያለች፣ ጎረቤት የማይሰማውን ትሰማለች። ስለዚህ በግቢ ውስጥ አንድ ነገር ሲደርስ ብዙ ጊዜ ምስክር ሆና የምትገኘው እሷ ናት። ችግሩ ይቺው ልጅ የምትበላውም የምትተኛውም ነገሩ በተፈጸመበት ቤት ውስጥ ወይም አጠገብ መሆኑ ነው። ቃሏን በሰጠች ማግስት ሥራዋንም መኝታዋንም በአንድ ቀን ታጣለች።

ሁለተኛው ምክንያት እርቅ ነው። ወሎ የእርቅ አገር ነው፤ አባጋሮቻችንና ሽማግሌዎቻችን ስንት ደም አድርቀዋል፣ ስንት ቤት ከመፍረስ አድነዋል። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሽማግሌ የማይጨርሰው ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አይደለም፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማሙ ተብሎ ክሱ አይቀርም። ሽምግልናው ግን ከሕጉ በፊት ይቀመጣል። ካሣ ይቆረጣል፣ ይማማላል፣ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ያን ጊዜ አፏ ያልተዘጋው አንዲት ልጅ ብቻ ትቀራለች። እሷም ዘመድ ዘንድ ትላካለች፣ ወይም ትዳራለች፣ ወይም በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ትወጣለች። በዚያ መንገድ ልጃቸውን የሸኙ እናቶች በዚህ አዳራሽም አሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ቀላል ስለሚመስል አናስበውም፤ ወረቀቱ ራሱ ያስፈራል። ለተከሳሽም ለምስክርም የሚሄደው «መጥሪያ» ይባላል፤ ማኅተም አለው፣ ፖሊስ ነው ይዞት የሚመጣው። ማንበብ ለማትችል ልጅ ልዩነቱን ማን ይነግራታል? ደግሞም መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ምስክር ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤት ሊያዝዝ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ ፈርታ የሸሸች ልጅ እንደ ጥፋተኛ ተይዛ ልትመጣ ነው።

የአንዲት መርማሪ ፍለጋ

ከአንዲት ሴት መርማሪ ፖሊስ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ልጅቷ እንዳትታወቅ ግን ሰፈሩን፣ ጊዜውንና የወንጀሉን ዝርዝር ትቼዋለሁ። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። በዚያው ግቢ በነበረች በሌላ ልጅ ላይ የደረሰውን ያየች እሷ ብቻ ናት። በመጀመሪያው ቀን ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታ አሻራዋን አኖረች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠፋች።

አሠሪዎቿ «አረብ አገር ሄዳለች» አሉ። አጎቷም በስልክ ያንኑ ደገመ። «ምስክር ከአገር ወጥታለች» ብሎ ጽፎ መዝገቡን መመለስ ይቻል ነበር። መርማሪዋ ግን አላመነችም። ምክንያቷን ስሰማ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ደስ አለኝ። «አረብ አገር የሚሄድ ሰው ገንዘብ ይፈልጋል» አለችኝ፤ «የደላላ አለ፣ የመኪና አለ፣ የጀልባ አለ። እናቷ በግ አልሸጠችም፣ ከማንም አልተበደረችም። ታዲያ በምን ሄደች?» ገንዘብ ያልወጣበት መንገድ አልተሄደም ማለት ነው።

ቀጥላ የጠየቀችው ልጅቷ ደመወዟን ለእናቷ በማን በኩል ትልክ እንደነበር ነው። ልጅቷ ስልክ የላትም፤ ጥግ ላይ ያለች ባለ ሱቅ ዘንድ እየሄደች በቴሌብር ታስልክ ነበር። ባለ ሱቋ መጀመሪያ «አላውቃትም» አለች። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጥቶ ስለ ልጅ ሲጠይቅ ማን «አውቃለሁ» ይላል? በማግስቱ መርማሪዋ ዩኒፎርሟን አውልቃ፣ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጣች፤ ስለ ልጅቷ ግን አንዲት ቃል አላነሳችም። ልትሄድ ስትነሳ ባለ ሱቋ ራሷ «ልታስሪያት ነው?» አለቻት። «አይደለም። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋ ሰው አለ፤ ያየችው እሷ ናት» ብላ መለሰችላት። በሦስተኛው ቀን ባለ ሱቋ ደወለች። ልጅቷ በሰው ስልክ ደውላ እናቷ ደህና መሆኗን ጠይቃት ነበር፤ የደወለችውም ከኮምቦልቻ ነው።

ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፤ ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅቷ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያርፉበት ምግብ ቤት ሰሃን ታጥብ ነበር። መርማሪዋ ገባች፣ ሻይ አዘዘች፣ ጠጥታ ወጣች። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። ፖሊስ መሆኗ እዚያ ቢታወቅ ልጅቷ ያን ዕለት ትባረር ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምትሳፈረው ወደ ሚሌ በሚሄደው መኪና ነው። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆ ልታነሳ ስትመጣ በቀስታ በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ የመለሰችው «እኔ ምን አጠፋሁ?» ብላ ነው።

እህቶቼ፣ ይህን ጥያቄ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ስትሸሽ የከረመችው ምንም ያላጠፋችው ልጅ ናት።

ኋላ ተቀምጠው ሲነጋገሩ የሸሸችበት ምክንያት ወጣ። ተከሳሹን ፈርታለች፤ ግን እሱን ብቻ አይደለም። መጥሪያውን ያነበበላት ሰው «ካልቀረብሽ ትታሰሪያለሽ» ብሎ ነገራት። አሠሪዋ ደግሞ «ነገርሽን ይዘሽ ውጪልኝ» አለቻት። ያን ሌሊት የት ትደር? ፍርድ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነም አታውቅም ነበር። መርማሪዋ «አብሽሪ» ብላ አረጋጋቻት፤ መጥሪያው ምን ማለት እንደሆነ ቃል በቃል አነበበችላት፤ የምታድርበትን ቤት ፈለገችላት። የቀጠሮው ዕለት ልጅቷ ቀርባ ያየችውን ተናገረች። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው፤ እኔ የምናገረው እዚያ እስክትቆም ስላለፈችው መንገድ ነው። መርማሪዋም ኮምቦልቻ የተመላለሰችበትን ትራንስፖርት የከፈለችው ከኪሷ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሕጉን አንብቤአለሁ፤ የማውቁ ሰዎችንም ጠይቄአለሁ። ሕጋችን ባዶ አይደለም። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለን። አዋጁ የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ ለሚችሉ ወንጀሎች ሲሆን ምስክሩ ላይ ከባድ አደጋ መኖሩም ይታያል። ከተፈቀደ መኖሪያ መቀየር፣ ማንነትን መሰወር፣ ቃልን በዝግ ችሎት መስማት፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አማካይነት መመስከርና ሌላም ጥበቃ አለበት። በአዲስ አበባ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሕፃናት ከተከሳሹ ተለይተው በሌላ ክፍል ተቀምጠው በካሜራ የሚመሰክሩበት፣ የዳኛውንና የጠበቃውን ጥያቄ ባለሙያ በልጅ ቋንቋ የሚያቀርብላቸው አሠራር ተጀምሯል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ተከሳሹም መብት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በሐሰት የተከሰሰ ወንድም ወይም ልጅ ሊኖረን ይችላልና ይህ መብት ለሁላችንም ነው። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ብቻውን ችሎት ላይ ምስክርነትን የማይተካውም በዚህ ምክንያት ነው። ልጅቷ መምጣት አለባት።

ልጅቷ ባትገኝስ? በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ፍርድ ቤቶቻችን ለረጅም ዘመን የሠሩበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ መንገድ አስቀምጧል። በከባድ ጉዳይ ዐቃቤ ሕጉ ቀዳሚ ምርመራ እንዲደረግ ሊያዝዝ ይችላል። የምስክሯ ቃል ከዋናው ክርክር በፊት በዳኛ ፊት ይመዘገባል። በኋላ ምስክሯ ብትሞት፣ ብትታመም ወይም ፈጽሞ ባትገኝ፣ በአንቀጽ 144 መሠረት ያ ቃል ተነቦ በማስረጃነት ሊያዝ ይችላል። በእኔ ቋንቋ ብናገር፣ ዕቃው በተገዛበት ዕለት ደረሰኝ መቁረጥ ማለት ነው። ልጅ ነገ የት እንደምትሆን አይታወቅምና፣ ይህን ዐቃቤ ሕግን ቀድሞ መጠየቅ እንደሚቻል ማወቁ ብቻ ይጠቅመናል።

ሕግ ኖሮም ሰው ሲሸሽ አይተናል። በባሕር ዳር በ2015 ዓ.ም. በግፍ የተገደለችውን የ7 ዓመቷን ሔቨንን ታስታውሳላችሁ። በደሉን የፈጸመው ሰው 25 ዓመት ተፈርዶበታል። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር እናቷ ለመገናኛ ብዙኃን ሲናገሩ ግን አገር የሰማው ሌላም ነገር ነበር፤ ሰውየው ከእስር አምልጦ እንደነበረና እሳቸው እሱን በመፍራት ቤት እየቀየሩ መኖራቸውን ነው። ልጇን ያጣች እናት ናት የሸሸችው። ከዚያ በፊትም በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ነበረች። ጠላፊዋን ተኩሳ በመግደሏ ተከሰሰች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቆመውላት ራሷን በመከላከሏ ነጻ ወጣች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በእሷ ታሪክ ነው። ፍርድ ቤት ነጻ አላት፤ ወደ መንደሯ ግን መመለስ አልቻለችም። ፍርድ ማግኘትና በሰላም ማደር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

የምስክርነት ወጪ

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ከወግዲ ደሴ ድረስ መጥታ ትመስክር እንበል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አንድ ቀን ቀድመው ገብተው ያድራሉ፣ በማግስቱ ችሎት ቀርበው ይመለሳሉ። ዳኛ ታመሙ፣ ጠበቃ አልቀረበም፣ ተከሳሽ አልመጣም እየተባለ ጉዳዩ 4 ጊዜ ይቀጠር። 2 ሰው፣ ደርሶ መልስ፣ 4 ጊዜ፤ 16 ቲኬት ነው። 8 የአንድ ሰው አዳር ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ቢበሉ 32 ሰሃን ምግብ ነው። እናትየዋ በትንሹ 8 የሥራ ቀን ታጣለች፤ ያውም አጨዳ ካልሆነ። ዋጋውን እኔ አልነግራችሁም፤ ነገ መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁና በ16 አባዙት። ከዚያ «ምስክሯ ለምን ጠፋች?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምስክር የምትጠፋው በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ነው ብላ መርማሪዋ የነገረችኝ ለዚህ ነው። በሬው ወይም በጉ የሚሸጠው ለሁለተኛው ነውና።

የማቀርበው ሐሳብ

እኛ ፖሊስ አይደለንም፤ ሰውን ከጥይት መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው። እኛ ልንሠራ የምንችለውን ብቻ ልናገር።

አንደኛ፣ ከቁጠባው ጋር የማይቀላቀል፣ ራሱን የቻለ የምስክሮች መጓጓዣ ሂሳብ እንክፈት። ለልጅቷ በእጇ ብር አንሰጥም። ቲኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ አልጋውን እኛ እንከፍላለን፣ ሁሉም በደረሰኝና በሁለት ፊርማ ይሆናል፤ ዐቃቤ ሕግም በደብዳቤ እንዲያውቀው ይደረጋል። ይህን የማጠብቀው በልማዴ አይደለም። የተከሳሽ ጠበቃ «ማን ከፈለሽ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ልጅቷ «ቲኬቴን ማኅበሩ ቆረጠልኝ፤ ደረሰኙም ይኸው» ማለት መቻል አለባት። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ አንድ መቶ ብር እውነተኛዋን ምስክር የተገዛች ሊያስመስላት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት የሚያሳድሩ ፈቃደኛ አባላት እንፈልጋለን። ልጅቷ ነገሩ በደረሰበት ሰፈር አታድርም። የአሳዳሪዎቹ ዝርዝር በሁለት ሰው እጅ ብቻ ይቀመጥ፤ በእኔም ኮምፒዩተር ላይ አይገኝ። ቅሬ ላይ አይወራ፣ ቡና ላይ አይነሳ። የቤት ክፍል ያላት ብቻ ሳትሆን አፏን የምትይዝ ትመዝገብ።

ሦስተኛ፣ አብራት የምትሄድ አንዲት ሴት ትመደብ። መጥሪያውን ታነብላታለች፣ ችሎቱን ታሳያታለች፣ ውጭ አብራት ትቀመጣለች። ስለምትመሰክረው ነገር ግን አትጠይቃትም፣ «እንዲህ በይ» አትላትም። ያየችውን የምታውቀው ልጅቷ ናት።

አራተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፤ በአክብሮት እናገራለሁ። የምታግዙን ሰዎች የገንዘባችሁን ፍሬ ማየት ትፈልጋላችሁ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ የልጅ ፎቶግራፍም ታሪክም አንልክላችሁም፤ ፊቷ ተሸፍኖም፣ ስሟ ተቀይሮም ቢሆን። ወረዳዋንና ዕድሜዋን ያነበበ የአገሯ ሰው ያውቃታል። የምንልክላችሁ ስንት ቀጠሮ፣ ስንት ቲኬት፣ ስንት አዳር እንደሸፈንን የሚያሳይ፣ ኦዲተር ያየው ሂሳብ ነው። በዚያ እንድታምኑን እንለምናለን።

አምስተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለእኛ ግን ከሁሉም ሊከብደን ይችላል። በዚህ አዳራሽ ካለነው ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ ሠራተኛ አለች። ነገ ያቺ ልጅ በጎረቤታችን ወይም በዘመዳችን ጉዳይ ለምስክርነት ብትጠራ ምን እናደርጋለን? «ነገርሽን ይዘሽ ውጪልኝ» ያለችው አሠሪ ክፉ ሴት ላትሆን ትችላለች፤ ከጎረቤት መጣላት የፈራች እንደኛው ያለች እናት ትሆናለች። ልጅቷን ግን ወደ መናኸሪያ የገፋት ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እያንዳንዳችን «እኔ ቤት ያለች ልጅ በመመስከሯ ሥራዋንና መኝታዋን አታጣም፤ የቀጠሮዋ ቀን ከደመወዟ አይቆረጥም» ብለን ብንወስን፣ መርማሪዋ ኮምቦልቻ ድረስ ሦስት ቀን ሻይ መጠጣት አይኖርባትም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሐሳቦች ጉባኤው ተወያይቶ ድምፅ እንዲሰጥባቸው በጽሑፍ ለሰብሳቢዋ አስረክቤአለሁ። የሂሳቡን አያያዝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። የአምስተኛው ግን ድምፅ አይሰጥበትም፤ ማታ ቤታችን ስንገባ ለልጅቷ የምንነግራት ነው።